የቪዲዮ መቅጃ ፓተንት ክርክር፦ ከቴክሳስ ችሎት እስከ ጎንደር ሪሲቨር

ጥር 11 ቀን ጎንደር ላይ ቤት የሚውለው ወይ አዛውንት ነው ወይ አራስ። ሌላው ሁሉ ጥምቀተ ባሕሩ ጋ ነው። ቤት የቀሩት በዓሉን በቴሌቪዥን ይከታተላሉ። ድንገት አንድ ፊት ብቅ ሲል «አቁመው፣ አቁመው! ያ የኛ ልጅ አይደለም እንዴ?» ይባላል። ሪሞቱ ይነካል፣ ምስሉ ይቆማል። ስርጭቱ ግን አልቆመም፤ ሪሲቨሩ ላይ በተሰካው ፍላሽ እየተቀዳ ነው። ልጁ በደንብ ከታየ በኋላ ከቆመበት ይቀጥላል።

አሜሪካ ውስጥ ይህቺው «አቁመው» ከሰባት ዓመት በላይ አካስሳለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ የአገራችን አዋጆች ከወጡበት በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በድሮው የቪዲዮ ካሴት ያው ፕሮግራም እየተቀዳ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማየት አይቻልም ነበር። ክሩ አንድ፣ የሚሄድበትም አቅጣጫ አንድ ነው። ሃርድ ዲስክ ግን እየጻፈ ማንበብ ይችላል። በ1999 ቲቮ እና ሪፕሌይቲቪ የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች በዚህ የሚሠራ ሣጥን ይዘው ገበያ ወጡ። ቲቮ ከዚያ በፊት፣ በሐምሌ 1998፣ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር (ፓተንት ማለት ፈጠራን ለተወሰነ ጊዜ ለባለቤቱ ብቻ የሚያደርግ መብት ነው)። ፓተንቱ በግንቦት 2001 ተሰጠው። ቁጥሩ 6,233,389 ሲሆን የሕግ ሰዎች በመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች «389» ይሉታል።

ፓተንቱ ቴሌቪዥን መቅዳትን የቲቮ ብቻ አላደረገም። ሰው ለራሱ በኋላ ለማየት መቅዳቱ የቅጂ መብት ጥሰት እንዳልሆነ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984፣ በሶኒ ጉዳይ፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወስኗል። የ389 ጉዳይ አሠራሩ ነው፦ የሚመጣው ምስል ወደ ዲጂታል ይቀየራል፣ ድምፅና ምስሉ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ሲታይ መልሶ ይገጣጠማል፣ ተመልካቹም ፍሰቱን እንደልቡ ያዝዛል። መብቱን ከሚዘረዝሩት የፓተንቱ አንቀጾች ገሚሱ ስለ ዕቃው፣ ገሚሱ ስለ ሶፍትዌሩ ነበር። ይህ ልዩነት በኋላ ዋጋ አወጣ።

በጥር 2004 ቲቮ ኤኮስታርን ከሰሰ። ኤኮስታር ዲሽ ኔትወርክ በሚል ስም የሳተላይት ቴሌቪዥን የሚሸጥ ኩባንያ ነው። (ዲሽ ለኛ ጣራ ላይ ያለው ሳህን ነው፤ እነሱ ዘንድ የድርጅት ስም ነው።) ክሱ የታየው ማርሻል በምትባል ትንሽ የቴክሳስ ከተማ ነው። ቦታው የፓተንት ባለቤቶች የሚወዱት ችሎት ሆኖ ነበር። ቲቮ ከችሎቱ በፊት በከተማዋ የከብት ትርኢት አንደኛ የወጣውን ሰንጋ መግዛቱ በሰፊው ተወርቷል። ለአገሬው ሰው ደግ ለመምሰል ሰንጋ መግዛት ጎንደርም ቢሆን የሚገባን ዘዴ ነው። በሚያዝያ 2006 ጁሪው (ከተራ ዜጎች የተመረጠው የፈራጆች ቡድን) ለቲቮ ፈርዶ ወደ 74 ሚሊዮን ዶላር አስወሰነለት።

በ2008 ይግባኝ ሰሚው የዕቃውን አንቀጾች በተመለከተ ፍርዱን ሻረ፤ የሶፍትዌሩን ግን አጸና። ኤኮስታር «ሶፍትዌሩን ቀይረነዋል» ብሎ ተከራከረ። እውነትም መሐንዲሶቹ አዲስ ፕሮግራም ጽፈው በሳተላይት በየቤቱ ሣጥን ልከው ነበር። የቴክሳሱ ዳኛ የሰጠው እግድ ግን ሁለት እግር ነበረው። አንደኛው ፓተንቱን አትጣስ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ጥሰት በተገኘባቸው ሣጥኖች፣ ደንበኛ ቤት ባሉትም ጭምር፣ የመቅጃውን አገልግሎት አጥፋ ይላል። ኤኮስታር ሁለተኛውን አልፈጸመም፤ ዳኛውም አዲሱ ሶፍትዌርም ፓተንቱን ይጥሳል፣ በሁለቱም እግር ችሎት ደፍረሃል አለው። በሚያዝያ 2011 የይግባኝ ዳኞቹ በሙሉ ተሰይመው በአዲሱ ሶፍትዌር ጉዳይ የተሰጠውን ውሳኔ እንደገና እንዲታይ መለሱት፤ ሁለተኛውን ትእዛዝ ባለመፈጸሙ ግን ችሎት መድፈሩን አጸኑ። ትእዛዙ ከልክ ያለፈ ነው የምትል ከሆነ በጊዜው ይግባኝ ማለት ነበረብህ አሉት። እኔ ከክርክሩ ሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ያን ሁሉ መሐንዲስ ያሠራ ኩባንያ የተያዘው በኮድ ሳይሆን ትእዛዝ አንብቦ ባለመፈጸም ነው።

በግንቦት 2011 በ500 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ሌሎች ኩባንያዎችም ለቲቮ እየከፈሉ ተከተሉ፦ በ2012 ኤቲ ኤንድ ቲ 215 ሚሊዮን፣ ቬራይዞን 250 ሚሊዮን፣ በ2013 ሲስኮ፣ ጉግልና ሌሎች 490 ሚሊዮን። ሲደመር ከ1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ሣጥን ሲሸጥ ዓመታት በኪሳራ ለቆየ ኩባንያ!

ታዲያ ጎንደር ፒያሳ ሪሲቨር የሚሸጠውን ማንም ያልነካው ለምንድን ነው? ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። የአሜሪካ ወረቀት መተማን አያልፍም። ደግሞም የእኛው የፈጠራ አዋጅ፣ ቁጥር 123/1987፣ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጥም። ማለትም ቲቮን ያዳነው የሶፍትዌር ክፍል እዚህ ቢመጣ የሚከብደው እሱው ነው። ፕሮግራም የሚጠበቀው በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ሲሆን፣ ያም የተጻፈውን ኮድ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አዲስ መሣሪያ ቢሠራ ግን ፓተንት ሊጠይቅ ይችላል። ጊዜው 15 ዓመት ሆኖ፣ ፈጠራው አገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ለቀለል ያለው ደግሞ የአነስተኛ ፈጠራ ምስክር ወረቀት አለ። ክርክር ከተነሣ የሚታየው በፌዴራል ፍርድ ቤት ነው።

389 ራሱም በ2018 ጊዜው አልቋል። ጎንደር ላይ ቀረጻን የሚያግደው ዳኛ ሳይሆን መብራት ነው፤ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል። ሌላው ጣጣ ፍላሹ ነው። ርካሽ ፍላሽ መቅዳቱን ይችላል፤ እየቀዳ አሳይ ሲባል ግን ምስሉ ይቆራረጣል። ያኔ ባለሱቁ «ይሄ ሁለቱን ባንዴ አይችልም፣ ሃርድ ዲስክ ሰካበት» ይላል።