ሰዓሊዋ ኤሚ ሼራልድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሚሼል ኦባማን ፖርትሬት (የሰውን መልክ የሚያሳይ ሥዕል) ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ከኋላ ለስላሳ ሰማያዊ። ከፊት ሸራውን የሞላ ረጅም ቀሚስ። አገጯን በእጇ ጀርባ ደገፍ አድርጋ በጸጥታ የምታይ ሴት። ሰዓሊዋ ኤሚ ሼራልድ ትባላለች። በ1973 በጆርጂያ ግዛት፣ ኮሎምበስ በምትባል ከተማ ተወለደች (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ሥዕሉ ለሕዝብ ከታየ ጀምሮ ስለ እሷ ብዙ ይወራል። ከሚወራው ግን ግማሹ ጎደሎ ነው፣ ግማሹ ጭራሽ የተሳሳተ። ዕድሜ ልኳን የለፋችበት ሥራ በሁለት ዓረፍተ ነገር ወሬ ሲያልፍ ያሳዝነኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ሚሼል ባትመርጣት ማን ያውቃት ነበር?»

የሚሼል ሥዕል ለዓለም አስተዋውቋታል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን በአንድ ጀንበር የወጣች ሰው አይደለችም። መመረጧ ይፋ ሲሆን ዕድሜዋ 44 ነበር። በ1997 ከክላርክ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። በ2004 ቦልቲሞር ካለው የሜሪላንድ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች። ከዚያ ኖርዌይ ሄዳ ኦድ ነርድረም ከሚባለው ሰዓሊ ዘንድ ተማረች።

በወረቀት ሲታይ ያማረ ነው። ኑሮው ግን ሌላ ነበር። እስከ 38 ዓመቷ ድረስ ሬስቶራንት ውስጥ በአስተናጋጅነት ትሠራ ነበር። ትሪ ይዛ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ስትመላለስ ውላ፣ በተረፋት ሰዓት ትስላለች። አባቷ የጥርስ ሐኪም ነበር፤ እንዲህ ካለ ቤት ወጥታ ይሄን ኑሮ መምረጥ ቀላል ውሳኔ አይመስለኝም።

ሕመምም ነበረባት። ዕድሜዋ 30 ገደማ ሳለ የልብ ጡንቻ ሕመም ተገኘባት። ለዓመታትም ሥዕሉን ትታ፣ የታመሙ ቤተሰቦቿን ለማስታመም ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመልሳ ነበር። በ2012 መጨረሻ ላይ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የልብ ንቅለ ተከላ ተደረገላት። በዚያው ሰሞን ወንድሟ በካንሰር ሞተ። የዛሬዋ ኤሚ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንደገና ብሩሽ ያነሣች ሴት ናት። «ዕድለኛ» የሚለው ቃል ይሄን ሁሉ ይውጠዋል።

«ሽልማቱን የወሰደችው ስም ስላላት ነው»

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሽልማቱ የቀደመው በ2016 ነው፤ ስሙ በኋላ መጣ።

ሽልማቱ ኦውትዊን ቡቼቨር ይባላል። ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ነው በየሦስት ዓመቱ የሚያዘጋጀው። ስሙ የተወሰደው ቨርጂኒያ ኦውትዊን ቡቼቨር ከተባለች ሴት ነው። ሙዚየሙን በበጎ ፈቃድ ለብዙ ዓመታት ስታስጎበኝ የኖረች ሴት ናት። ገንዘቡንም የተወችው እሷ ናት። አሸናፊው 25,000 ዶላር ያገኛል። ከዚያም በላይ ለሙዚየሙ ስብስብ አንድ ፖርትሬት እንዲሠራ ይታዘዛል።

ውድድሩ የዘይት ቀለም ብቻ የሚታይበት አይደለም። በ2009 ፎቶግራፍ አሸነፈ። በ2013 ቪዲዮ አሸነፈ። በ2016 ከ2,500 በላይ ሥራዎች ቀርበው ለኤግዚቢሽኑ የተመረጡት 43 ነበሩ፤ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ማጣሪያው መጀመሪያ ሥራዎቹን በምስል ያያል። ወደ መጨረሻው የቀረቡትን ግን ዳኞቹ ሸራው ፊት ቆመው ነው የሚመዝኑት። ይሄ ለእንደ ኤሚ ያለ ሰዓሊ ትልቅ ነገር ነው። ሥዕሎቿ በስልክ መስታወት ላይ ብዙ ነገራቸው ይጠፋልና።

ያሸነፈችበት ሥራ «ሚስ ኤቭሪቲንግ» ይባላል። አንዲት ወጣት ሴት ነጠብጣብ ያለበት ቀሚስ ለብሳለች። ቀይ ባርኔጣ፣ ነጭ ጓንት። በእጇ ደግሞ ከመጠን በላይ ትልቅ የሻይ ስኒ ይዛለች። እንደ ልዕልት ኮራ ብላ ነው የምታየን። በዚህ ሥራ ኤሚ ውድድሩን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋም አፍሪካ አሜሪካዊ ሆነች። በ2018 ደግሞ የአትላንታው ሃይ ሙዚየም በአፍሪካ አሜሪካውያን ሥነ ጥበብ ለሚሠሩ የሚሰጠውን የዴቪድ ድሪስኬልን ሽልማት ሰጣት።

ዲሲና አካባቢው ላላችሁ፦ ሙዚየሙ ከጋለሪ ፕሌስ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ይዞ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

«ቆዳውን ግራጫ ያደረገችው ጥቁርነትን ልትደብቅ ነው»

በጣም የሚያከራክረው ይሄ ነው። ረዘም አድርጌ ልሂድበት።

ኤሚ የምትስላቸው ሰዎች ሁሉ ጥቁሮች ናቸው። ቆዳቸው ግን ግራጫ ነው። አንዳንዱ «አልጨረሰችውም እንዴ?» ይላል። ሌላው ጠንከር አድርጎ «ማንነታቸውን ሰረዘችው» ይላል። ሁለተኛው ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ከፍቅር የመጣ ቁጣ ነው፤ አከብረዋለሁ። መልሱ ግን ሥዕሉ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ ስለ ቀለሙ። ግራጫው ጥቁርና ነጭ ተደባልቆ የወጣ አይደለም። ጥቁሩን የምትደባልቀው ኔፕልስ የሎው ከሚባለው ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጋር ነው። ስለዚህ ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግራጫው ሙቀት አለው። ግንባርና ጉንጭ ላይ ብርሃን ሲያርፍ ቢጫው ከውስጥ ብቅ ይላል። በግራጫ ብቻ ሰው መሳልም የእሷ ፈጠራ አይደለም፤ በአውሮፓ የሥዕል ታሪክ ለዘመናት የኖረ ስልት ነው። አብዛኛው ሰዓሊ ግን ግራጫውን ከሥር አድርጎ በላዩ ቀለም ይደርብበታል። ኤሚ እዚያው ላይ ታቆመዋለች።

ለምን? አንዱ ምክንያት የድሮ ፎቶ ነው። የአያቷን ጥቁርና ነጭ ፎቶ እያየች ነው ያደገችው። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ በ1900 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሰበሰባቸው የጥቁር አሜሪካውያን ፎቶዎችም ትልቅ መነሻ ሆነውላታል። እነዚያ ፎቶዎች ላይ ሰዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። የሀብታም ቤት ሥዕል ጥቁሩን ሰው አገልጋይ አድርጎ ጥግ ላይ ሲያቆመው፣ ፎቶግራፍ ግን ቤተሰብ ራሱን በራሱ የሚያሳይበት መንገድ ከፈተ። የኤሚ ግራጫ ከዚያ ወገን ነው የሚወለደው።

ሁለተኛው ምክንያት የተመልካች ዓይን ነው። ብዙ ሰው ሥዕል ሲያይ መጀመሪያ ዘርን ያያል፣ ሰውዬውን ቀጥሎ። ኤሚ ይሄን ቅደም ተከተል ልታውክ ነው የምትሞክረው። ቆዳው ዝም ሲል፣ ልብሱ ይጮኻል። አቋቋሙና አስተያየቱ ይናገራሉ። ጥቁርነቱ የትም አልሄደም፤ ከፊት መዋቅሩ፣ ከፀጉሩ፣ ከአለባበሱ ጋር እዚያው አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልጅነቷ። በትምህርት ቤት ጉብኝት ወደ ኮሎምበስ ሙዚየም ሄዳ፣ ቦ ባርትሌት የሳለው ትልቅ ሥዕል ላይ ጥቁር ሰው ታያለች። ሙዚየም ግድግዳ ላይ እንደ ራሷ ያለ ሰው ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ይህች ልጅ አድጋ ጥቁርነትን ለመደበቅ ብሩሽ ታነሣለች ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

«ሚሼልን አትመስልም»

ሥዕሉ በየካቲት 2018 ሲገለጥ ስንቱ «እሷን አይመስልም'ኮ» እንዳለ አስታውሳለሁ። እውነት ነው፣ ቴሌቪዥን ላይ የለመድናት ሳቂታዋ ሚሼል አይደለችም። እንደዚያ እንድትሆን አልተፈለገማ! ኤሚ የፈለገችው ካሜራ ሲጠፋ የምትቀረውን፣ ለራሷ ጊዜ የሰጠችዋን ሴት ነው። «ቁርጥ እሷን» የሚባለውን ፓስፖርት ፎቶም ይሰጠናል። ፖርትሬት ሌላም ነገር ይጠየቃል።

ቀሚሱን ልብ በሉልኝ። ሚሊ የሚባለው ፋሽን ቤት ሥራ ነው። ነጩ ላይ ያሉት ጥቁር፣ ቀይ፣ ሮዝና ቢጫ ቅርጾች ኤሚን ሁለት ነገር አስታወሷት። አንዱ በቀጥታ መስመርና በአራት ማዕዘን ቀለሞች የሚታወቀው የሆላንዱ ሰዓሊ የሞንድሪያን ሥዕል ነው። ሌላው ጂስ ቤንድ በምትባል የአላባማ መንደር ጥቁር ሴቶች ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፉት ብርድ ልብስ ነው። እነዚያ እናቶች ከአሮጌ የሥራ ልብስ ቀደው የሰፉት ጥበብ እንዲህ አድርጎ ሙዚየም ገባ። ፊቱን ብቻ አይቶ የሄደ ሰው ይሄን ሁሉ አላየም።

«ሥዕሉ ዋይት ሐውስ ነው የተሰቀለው»

አይደለም። ሁለት የተለያዩ ሥዕሎች ናቸው። የኤሚ ሥራ የናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ንብረት ነው። ዋይት ሐውስ ያለውን የሳለችው ሻረን ስፕረንግ ናት፤ የተገለጠውም በ2022 ነው።

«ከፎቶ መሳል ማጭበርበር ነው»

ይሄ አመለካከት ከባዶ ሜዳ አልመጣም። አንዳንድ ውድድሮች እውነተኛ ደንብ አላቸው። የአውስትራሊያው ታዋቂ የፖርትሬት ሽልማት አርኪባልድ ሰዓሊው ባለፖርትሬቱን በአካል ፊቱ አስቀምጦ እንዲሠራ ያስገድዳል። በ1975 ጆን ብሉምፊልድ አሸንፎ፣ ከፎቶ መሳሉ ሲታወቅ ሽልማቱ ተነጥቆ ለሌላ ተሰጥቷል። ግን ይሄ የአንድ ውድድር ሕግ ነው። የጥበብ ሁሉ ሕግ አይደለም።

ኤሚ ከፎቶ እንደምትስል ደብቃ አታውቅም። አሠራሯ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰው ታገኛለች፤ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ያየችውን የማታውቀውን ሰው። ልብሱን እሷ ትመርጣለች። ከዚያ ፎቶ ታነሣዋለች። ከዚያ ስቱዲዮ ገብታ ከፎቶው ላይ ትቀንሳለች፣ ትጨምራለች። ጀርባው ይጠፋና አንድ ወጥ ቀለም ይሆናል። የልብሱ ቀለም ይቀየራል። ቆዳው ግራጫ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ከፎቶው የሚቀረው አቋሙና ዓይኑ ነው። ታዋቂ ሰው ብቻ ትስላለች የሚሉም እዚህ ላይ መልስ ያገኛሉ፤ ሥዕሎቿን የሞሉት ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው።

«ሙዚየሙ ኤግዚቢሽኗን ሰረዘባት»

የሰረዘችው ራሷ ናት። «አሜሪካን ሰብላይም» የተሰኘው ትልቁ ኤግዚቢሽኗ በኅዳር 2024 በሳን ፍራንሲስኮ ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ከዚያ ኒው ዮርክ፣ ዊትኒ ሙዚየም ሄደ። ቀጣዩ መስከረም 2025 ላይ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ ሊሆን ነበር። ሐምሌ ላይ ኤሚ ጋለሪውን ለሚያስተዳድረው ተቋም፣ ለስሚዝሶኒያን፣ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፋ ሥራዎቿን አወጣች። ምክንያቱ አንድ ሥዕል ነው፤ የነጻነት ሐውልትን አቋም ይዛ የቆመች ትራንስጀንደር ሴት። ሥዕሉ በቪዲዮ እንዲተካ ሐሳብ መቅረቡን ተናገረች። ስሚዝሶኒያን በበኩሉ ቪዲዮው ከሥዕሉ ጎን እንዲሆን ነበር የፈለግነው አለ። በሥዕሉ ይስማሙ አይስማሙ፣ ሰዓሊ «ሥራዬ ሙሉውን ይታይ፣ ካልሆነ ይቅር» ስትል በዲሲ የሚጠብቃትን ትልቅ ክብር መልቀቋ ነው። ኤግዚቢሽኑ በኅዳር 2025 በቦልቲሞር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ።

«አንድ ሥዕል ሸጣ ሚሊየነር ሆነች»

በታኅሣሥ 2020 «ዘ ቤዘርስ» የሚባለው ሥራዋ ኒው ዮርክ ውስጥ በፊሊፕስ ጨረታ 4.265 ሚሊዮን ዶላር ወጣ። ግምቱ ከ150,000 እስከ 200,000 ነበር። ዜናውን የሰማ ሁሉ «በቃ፣ ያልፍላታል» አለ። ጨረታ ላይ ግን ሻጩ ሰዓሊው አይደለም፤ ቀድሞ የገዛው ሰው ነው። ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥራው በድጋሚ ሲሸጥ ለሠዓሊው ትንሽ ድርሻ የሚሰጥ ሕግ አላቸው። አሜሪካ እንዲህ ያለ የፌዴራል ሕግ የላትም። ሸራው ላይ ላቧን ያፈሰሰችው ሴት ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን የሚደርሳት የለም። ለእኔ ይሄ ግልጽ በደል ነው፣ ሊታረምም ይገባል።

ገንዘብ በእጇ በገባ ጊዜ ያደረገችውን ደግሞ እንይ። በመጋቢት 2020 ሉዊቪል ከተማ፣ ፖሊሶች ብሪዮና ቴይለርን በገዛ ቤቷ ተኩሰው ገደሏት። 26 ዓመቷ ነበር። ኤሚ ለቫኒቲ ፌር መጽሔት ሽፋን ሳለቻት። የሚቀመጥላት ሰው ስለሌለ ሰውነቷ የሚቀራረብ ወጣት ፈልጋ ሞዴል አደረገች። ቀሚሱ ከጀርባው ጋር አንድ ዓይነት ውኃ ሰማያዊ ነው። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ፤ ፍቅረኛዋ ሊያጫት ያሰበበት፣ ሳትቀበለው የሞተች። ሥዕሉን የሉዊቪሉ ስፒድ ሙዚየምና የዋሽንግተኑ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ለሁለት ገዙት። ለግዢው ሁለት ፋውንዴሽኖች 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። ኤሚ ያንን ገንዘብ ለሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ አስረከበች። አሁን በብሪዮና ስም ተማሪዎች ይማሩበታል።