ፖሊስን መቅረጽና የሕዝብ ገንዘብ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጥምቀት ቀን ጎንደር ላይ የማይቀረጽ ነገር የለም። ታቦቱ፣ ካህናቱ፣ ጨፋሪው፣ ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ የሚዘለው ወጣት ሁሉ በስልክ ይቀረጻል፤ ከመሀላቸው ሕዝቡን የሚያስተናግደው ፖሊስም አለ። "ለምን ቀረጽከኝ" የሚል የለም። ያው ፖሊስ ፒያሳ ላይ ባጃጅ አስቁሞ ከሹፌሩ ጋር ሲጨቃጨቅ አንድ ሰው ስልኩን ቀና ካደረገ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ይህ ሲነሳ ደጋግሜ የምሰማው መከራከሪያ አሜሪካን የሚጠቅስ ነው። እዚያ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ዜጋ ሥራ ላይ ያለን ፖሊስ የመቅረጽ መብቱን የሚጠብቅ ሕግ አውጥተዋል፤ ኮሎራዶና ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኒው ዮርክ በ2020። "ሀብታሞቹ ከተሞች እንኳ ፖሊስን ለሚከሱ ዜጎች በሚከፍሉት ካሳ ተማረሩ፤ እኛ ደሀዎቹ እንዴት እንችለዋለን?" ይባላል። ጥያቄው ከመልካም አሳቢነት የሚመጣ ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል።

"ሕጉ የሕዝብን ገንዘብ ይበላል"

በአሜሪካ ምክር ቤቶች ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ ምን ያህል ወጪ እንደሚያስከትል የሚገልጽ ሰነድ አብሮት መቅረቡ የተለመደ ነው። ቀረጻን የሚጠብቅ ሕግ ሊያስከትል የሚችለው ወጪ ሦስት ዓይነት ነው፦ ፖሊሶችን ስለ ሕጉ ማሠልጠን፣ የተያዘን ስልክ መዝግቦ መጠበቅ፣ ክስ ሲመጣ ለጠበቃና ለካሳ መክፈል። ሥልጠናና ምዝገባ ፖሊስ ድሮም የሚሠራቸው ሥራዎች ናቸው። የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ እሱም በዋናነት የሚመጣው ፖሊስ ሕጉን ሲጥስ ነው።

የቦስተኑን ጉዳይ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2007 ሳይመን ግሊክ የተባለ ጠበቃ መናፈሻ ውስጥ ፖሊሶች አንድ ወጣት ሲይዙ አይቶ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ በስልኩ ቀረጻቸው። በምስጢር ድምፅ ቀድተሃል ተብሎ ታሰረ። ስልኩን በግልጽ ይዞት ስለነበር ክሱ ሳይጸና ቀረ፤ እሱም በተራው ከሰሰ። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2011 ሰውየው የሠራው በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነገር ነው አለ፤ በ2012 ከተማዋ 170,000 ዶላር ከፍላ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ይህ ገንዘብ ቀረጻን የሚጠብቅ አዋጅ በመውጣቱ የወጣ አይደለም። የወጣው ፖሊሶቹ የሥልጣናቸውን ድንበር በማለፋቸው ነው። ድንበሩን በግልጽ ጽፎ ለፖሊሶቹ የሚያስተምር ሕግ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ገንዘቡ ከከተማዋ ካዝና ባልወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ የማይታየው ወጪ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ያለ አግባብ ተደብድቦ ማስረጃ ቢያጣ ማን ይከፍላል? የሕክምናውን ቤተሰቡ ይከፍላል። ሥራ ሳይሠራ የሚተኛባቸውን ሳምንታት ሚስቱ ትሸፍናለች፤ በግ ይሸጣል፣ ጎረቤት ያዋጣል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ይህም የሕዝብ ወጪ ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን ስለተሸከመው ግን አይቆጠርም። ቪዲዮ ሲገኝ ዕዳው ከዚያ ቤት ወደ መንግሥት ካዝና ይዛወራል። ሰነዱ ላይ አዲስ ወጪ ሆኖ ይታያል እንጂ ድሮም ሲከፈል የኖረ ነው።

"ካሳውን ያጠፋው ፖሊስ ይከፍላል፤ መንግሥትን አይመለከተውም"

በአሜሪካ እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። የሕግ ፕሮፌሰሯ ጆአና ሽዋርትዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2006 እስከ 2011 ባጠኗቸው ትልልቅ የፖሊስ ተቋማት ለተበዳዮች ከተከፈለው ገንዘብ 99.98 በመቶ ያህሉን የከፈሉት መንግሥታቱ ናቸው። ፖሊሶቹ ከኪሳቸው ያወጡት ከምንም የማይቆጠር ነው።

የኛ ሕግ ሌላ መንገድ ይዟል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ሲባል በኖረበት አገር፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ካሳ እንዲከፍል ያዛል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ ተበዳዩ መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም የከፈለውን መልሶ ከአጥፊው ሊጠይቅ ይችላል። የሥራ ጥፋት የሚባለው፣ በአንቀጽ 2127 መሠረት፣ ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም እየሠራ እንደሆነ በቅን ልቦና አምኖ የፈጸመው ነው። ከዚያ ውጭ ያለው የግል ጥፋት ነው።

እንግዲህ ፖሊሱ ሰውየውን የመታው ሲሮጥ ሊይዘው ሲታገል ነው ወይስ እጁ ከታሰረ በኋላ በንዴት? በዚህ አንድ ጥያቄ ካዝናው መክፈል አለመክፈሉ ሊወሰን ይችላል። ጥያቄውን ለመመለስ ደግሞ የመንገደኛ ቪዲዮን ያህል የሚረዳ ማስረጃ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ቀረጻ ካዝናውን ያራቁታል የሚለው አባባል በኛ ሕግ ሲመዘን ጭራሽ ሊገለበጥ ይችላል።

"ያለ ፈቃድ የሰው ምስል መቅረጽ በሕጋችን የተከለከለ ነው"

ይህ ግማሽ እውነት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ይህን የሚጠቅሱት ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚያው ያቆማሉ። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ የሰውየው ታዋቂነት፣ የያዘው የመንግሥት ሥራ፣ የፍትሕ አስፈላጊነት፣ እንዲሁም ምስሉ የሕዝብ ጥቅም ካለው ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ መሆኑ። የደንብ ልብስ ለብሶ በፒያሳ አደባባይ ሥራውን የሚሠራ ሰው ከነዚህ በአንዱ ብቻ ሳይሆን በብዙዎቹ ውስጥ ይገባል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነጻነት እንዲኖር ይደነግጋል።

የጎደለን ቀረጻን በስሙ ጠርቶ፣ ፖሊሱም ዜጋውም በቀላሉ የሚረዳው አድርጎ የሚያስቀምጥ ድንጋጌ ነው። የኮሎራዶ ዓይነቱ ሕግ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

"ቪዲዮ ከተማ ያቃጥላል"

ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ሎስ አንጀለስ ነው። ፖሊሶች ሮድኒ ኪንግ በተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ላይ ያደረሱት ድብደባ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1991 ሲሆን በቀናት ውስጥ ዓለም አይቶታል። ከተማዋ የተቃጠለችው ግን በዚያን ሰሞን አይደለም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1992፣ ዳኞቹ አራቱን ፖሊሶች ከሞላ ጎደል ነጻ ያሏቸው ዕለት ነው። ከ60 በላይ ሰው ሞተ፣ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ንብረት ወደመ። ሕዝቡ ቪዲዮውን አይቶ ፍርድ ጠብቆ ነበር።

"ቀረጻ ፖሊስን ለማዋረድ ብቻ ነው"

እስራኤል ዘመድ ያለው የጎንደር ሰው እ.ኤ.አ. የ2015ቱን ጉዳይ ያስታውሳል። የወታደር ልብስ የለበሰ አንድ ቤተ እስራኤል ወጣት ሆሎን ከተማ ውስጥ በፖሊስ ተመታ፤ ፖሊስ መትተሃል ተብሎም የታሰረው እሱ ነበር። ነጻ ያወጣው የጥበቃ ካሜራ ነው። እንዲያው ሌላ ጊዜ ደግሞ በሐሰት የተከሰሰ ፖሊስን ነጻ የሚያወጣው ያው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮ ለማንም አያዳላም።

"ፖሊስ ራሱ ካሜራ ከያዘ የዜጋ ስልክ አያስፈልግም"

በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ጉልበት ሥር ታፍኖ ሲሞት ፖሊሶቹ ደረታቸው ላይ ካሜራ ነበራቸው። ያም ሆኖ የመጀመሪያው የፖሊስ መግለጫ ሰውየው ከፖሊስ ጋር በነበረበት ጊዜ ሕመም ገጥሞት እንደሞተ ነበር የሚለው። መግለጫውን ያፈረሰው የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ የቀረጸችው ነው፤ የፖሊሶቹን ካሜራ ሕዝቡ ያየው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከተማዋ ለቤተሰቡ 27 ሚሊዮን ዶላር ከፍላለች። ወጪ ካነሳን ደግሞ የፖሊስ ካሜራ ግዢ፣ ጥገናና የቪዲዮ ማከማቻ ይፈልጋል፤ የመንገደኛው ስልክ ካዝናውን አንዲት ሳንቲም አያስወጣውም።

"መብት ካለ በፈለጉት ቦታ፣ በፈለጉት ሁኔታ መቅረጽ ይቻላል"

አይቻልም። በአሜሪካም ሥራን ማደናቀፍ ጥበቃ የለውም፤ የመብት ጥበቃው የሚሠራው ራቅ ብሎ ለቆመ፣ ትእዛዝ ለሚያከብር ሰው ነው። በዚያው ልክ ገደቡ መብቱን እንዳይውጠው ይጠበቃል፦ አሪዞና በ2022 ከስምንት ጫማ፣ ማለት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል፣ ቀርቦ መቅረጽን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ የፌዴራል ፍርድ ቤት አግዶታል።

ለጎንደር ሰው ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ነገር አለ። ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ኖረናል፤ ክልላችን የተኩስ ድምፅ ለምዷል። ታጣቂና ወታደራዊ እንቅስቃሴ ባለበት ስልክ ማውጣት በሕይወት መጫወት ነውና እባካችሁ አታድርጉት። የሕግ አንቀጽ ጥይት አያቆምም። እዚህ የምጽፈው ስለ ዕለት ተዕለቱ የመንገድና የጣቢያ ሥራ ነው።

የተያዘውን ሰው ፊትም አስቡ። አንቀጽ 28 የሚያነሳው የመንግሥት ሥራ የፖሊሱን ነው እንጂ የተጠርጣሪውን አይደለም። ተጠርጣሪው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ፊቱ ቲክቶክ ላይ ከወጣ በኋላ ፍርድ ቤት ነጻ ቢለው እንኳ ስሙ አይመለስለትም። መቅረጽና መልቀቅ የተለያዩ ናቸው። ቪዲዮውን ለተበዳዩ ቤተሰብ ወይም ለጠበቃው መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

"ፖሊስ ስልክ ወስዶ ቪዲዮውን ሊያጠፋ ይችላል"

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰው አካልና ንብረት ከሕገወጥ ፍተሻና መያዝ የተጠበቀ መሆኑን፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም እንደማይደፈር ይናገራል። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 የታሰረ ሰው ስልክ እንኳ በመሠረቱ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይበረበር ወስኗል። ቪዲዮውን ማጥፋት ማስረጃ ማጥፋት ነው፤ ተበዳዩ ማስረጃውን ብቻ ሳይሆን ጥፋት የሌለበት ፖሊስም መከላከያውን ያጣል። ስልክ ከተወሰደ አትታገሉ። የወሰደው ማን እንደሆነ፣ ሰዓቱና ጣቢያው ተጽፎ እንዲሰጣችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ በቦታው የነበረ ሰው ስም ያዙ፤ በነጋታው አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ።