«ኮምጥጧል፣ ተበላሽቷል»፦ በርሜል ውስጥ ስለቆየ የቤልጂየም ቢራ የሚባለውና እውነታው

ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አንዳንዴ ቡሹ በሽቦ የታሰረ፣ ሻምፓኝ የሚመስል ወፍራም ጠርሙስ ይገኛል። ሲከፈት ግን ቢራ ነው። ያውም የዱር እርሾ ያፈላው፣ በእንጨት በርሜል ውስጥ ዓመታት የቆየ ኮምጣጣ ቢራ። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሰነዘረው አስተያየት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጠላ ሲጠመቅ እያየ ያደገ ሰው ይህን መጠጥ ለመረዳት ከብዙ ፈረንጅ የተሻለ ዕድል አለው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ቢራ ሲባል ቀድሞ የሚመጣልን እዚሁ ከተማችን የሚጠመቀው ዳሽን፣ ቀዝቅዞና ጠርቶ መሆኑ ነው።

«ኮምጥጧል፤ ተበላሽቷል»

ፊት የሚያስቋጥረው ኮምጣጣነት ታስቦበት የተሠራ ነው። በርሜሉ ውስጥ ከእርሾው ጋር ላክቶባሲለስና ፔዲዮኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ እርጎን የሚያኮመጥጠውን ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። አሲዱና አልኮሉ አንድ ላይ ሲሆኑ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን እዚያ ውስጥ መራባት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ኮምጣጣ መሆኑ ብቻ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ይህ ማለት ግን የሚበላሽ ጠርሙስ የለም ማለት አይደለም። በርሜሉ ብዙ አየር ካስገባ አሴቲክ አሲድ ይበዛና ቢራው ወደ አቼቶ ይሄዳል። በቤልጂየም ምዕራብ ፍላንደርስ፣ ሩሰላረ ከተማ በትልልቅ የኦክ በርሜሎች በሚቆየው እንደ ሮደንባክ ባለ ቀይ ቢራ ውስጥ ጥቂት የአቼቶ ቃና የወጉ አካል ነው። ከዚያ አልፎ ጉሮሮ የሚያቃጥልና አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ግን ቢደፉት አልፈርድም።

ሽታውም ሰውን ያስደነግጣል፤ ቆዳ፣ ድርቆሽ፣ አንዳንዴም በላብ የራሰ የበቅሎ ኮርቻ ይሸታል። የዚህ ምንጭ ብሬታኖማይሲስ የሚባለው እርሾ ነው። በዴንማርኩ የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ክላውሰን እ.ኤ.አ. በ1904 ስለዚህ እርሾ ይፋ ያደረገው በእንግሊዝ ቢራዎች ውስጥ አግኝቶት ነው። ወይን ጠማቂዎች እንደ ጠላት ያዩታል፤ ብራሰልስ አካባቢ ያሉ ቢራ ጠማቂዎች ግን ያለ እሱ ሥራቸው ሥራ አይሆንም።

«ምን አዲስ ነገር አለው? የእኛው ጠላ ነው»

ይህን የሚሉት ከፊል እውነት ይዘዋል። የጠላ ጥንስስ ውስጥ ማንም ከሱቅ የተገዛ እርሾ አይጨምርም፤ የሚያፈላው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከእንስራው የሚመጣው ነው። ጌሾ ለእኛ ምሬት እንደሚሰጠን ሁሉ ለእነሱ ሆፕ የሚባል ተክል አለ። እኛ እንስራችንን በወይራ ጭስ እናጥናለን፤ እነሱም በርሜላቸውን ካጠቡ በኋላ በድኝ ጭስ የማጠን ልማድ አላቸው። በዚህ ሁሉ እንመሳሰላለን።

ልዩነቱ የሚጀምረው እሳቱ ላይ ነው። ብራሰልስና ከጎኗ ያለው የዜነ ሸለቆ ላምቢክ የሚባለው የዱር እርሾ ቢራ አገር ነው፤ ሌሎቹ የዚህ ዓይነት ቢራዎች ብዙዎቹ ምሳሌ ያደረጉት እሱን ነው። የላምቢክ ጠማቂ ከብቅል ገብስና ሲሶ ያህል ካልበቀለ ስንዴ ያወጣውን ጭማቂ ለሰዓታት ያፈላዋል፤ በውስጡ የነበረ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ይሞታል። ሆፑንም የሚጠቀመው ለዓመታት አስቀምጦ ነው፤ ምሬቱና መዓዛው ጠፍቶ ባክቴሪያን የመቆጣጠር ኃይሉ ብቻ እንዲቀር። ከዚያ ትኩሱን ጭማቂ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ገንዳ ላይ ገልብጦ መስኮት ከፍቶ ያሳድረዋል። እርሾው የሌሊቱ አየርና የቤቱ ጣራና ግድግዳ ስጦታ ነው። ይህ የሚሠራው ከጥቅምት ግድም እስከ መጋቢት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ብቻ ነው፤ በበጋቸው አየሩ የማይፈለግ ባክቴሪያ ይበዛበታል። ብራሰልስ፣ አንደርሌክት ውስጥ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 የተመሠረተው ካንቲዮን የተባለ ቢራ ጠማቂ ቤት በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ጠላ በቀናት ወይም በሳምንታት ይደርሳል፣ ትኩስነቱ ሳያልፍ ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ቅራሪው ይቀጥላል። ላምቢክ ግን በሳምንታት ዕድሜው ገና ሕፃን ነው። በመካከል እንደ ተልባ እየተዝለገለገ የሚሳብበት ጊዜ እንኳን አለ፤ ያኔ ቢቀምሱት ይተፋሉ። ይህን የሚያመጣው ፔዲዮኮከስ ሲሆን ወራት ጠብቆ የሚያጠራው ደግሞ ያ የኮርቻ ሽታ ያለው እርሾ ነው።

«በርሜል ውስጥ ትቶ መሄድ ነው፤ ሙያ የለውም»

ትልቁ ሙያ ያለው ማደባለቁ ላይ ነው። በአንድ ቀን ተጠምቀው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት በርሜሎች በሦስተኛው ዓመት የተለያየ ጣዕም ይኖራቸዋል። ጠማቂው እየቀዳ ይቀምሳል፣ የማይረባውን ይደፋል፣ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመቱን ቀላቅሎ ይሞላል፤ ይህ ድብልቅ ጉዝ ይባላል። ሦስት ዓመት የቆየው ጥልቀት ይሰጠዋል። የአንድ ዓመቱ ገና ያልተበላ ስኳር ስላለው ጠርሙስ ውስጥ እንደገና ፈልቶ ጋዙን ይፈጥራል። ሳይደባለቅ ከበርሜል የሚቀዳው ላምቢክ አረፋ የለውም ማለት ይቻላል፤ «ሙት ቢራ» ብሎ መመለስ አያስፈልግም።

ዱር የሚለው ስምም ሁልጊዜ ከአየር የተገኘ ማለት አይደለም። ዛሬ ብዙ ጠማቂዎች፣ በተለይ አሜሪካ ያሉት፣ እርሾውን ከላቦራቶሪ ገዝተው ይጨምራሉ። ገንዳውን ራሱን የተከሉም አሉ፤ ሜይን ግዛት ያለው አላጋሽ የተባለ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ጀምሯል። የእኛም የታኅሣሥ ሌሊት ለዚህ የሚሆን ይመስለኛል፤ የሚሞክር ሰው ቢገኝ ቀማሽ አይጠፋም።

«የውስኪ በርሜል ነው፤ አልኮሉ ከባድ ነው»

ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ስህተት ነው። የውስኪ በርሜል በአብዛኛው የሚውለው ለጥቁርና ጣፋጭ ቢራ ነው። ለዚህኛው የሚፈለገው ወይን የነበረበት፣ የእንጨት ጣዕሙን አራግፎ የጨረሰ አሮጌ በርሜል ነው። ሥራው ጥቂት አየር ማስገባትና እርሾ ማኖር ነው። አልኮሉም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 በመቶ ነው፤ ብዙ ጠጅ ይበልጠዋል። ሰውን የሚያታልለው የጠርሙሱ ቡሽ ነው።

«ፍሬ ያለበት ጣፋጭ ነው፤ ለሴቶች ይሁን»

ክሪክ የሚባለው የፍሬ ላምቢክ ውስጥ የሚገባው ኮምጣጣ ቼሪ ነው፤ ፍሬው ከነቁመናው ቢራው ላይ ተጨምሮ ወራት ይቆያል። ስኳሩን እርሾው ይበላዋል፤ የሚቀረው ቀለሙ፣ መዓዛውና የፍሬው አሲድ ነው። አጋም በልቶ የሚያውቅ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ስኳር ተጨምሮበት የሚሸጥ ለስላሳ መሰል ዓይነትም አለ፤ ወሬው ከዚያ ሳይመጣ አልቀረም። ባህላዊውን የሚፈልግ ሰው ጠርሙሱ ላይ «ኦውደ» (አሮጌ) የሚል ይፈልግ፤ ኦውደ ጉዝም ኦውደ ክሪክም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቁ ስሞች ናቸው። ለሴት ለወንድ የሚለውን ለተናጋሪው እተወዋለሁ።

«በረዶ ሆኖ፣ በአንድ ትንፋሽ»

ሲበርድ መዓዛው ይደበቃል፤ አሲዱ ብቻ ይቀራል። ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከፍሪጅ አውጥቶ ጥቂት ማቆየት ነው። ብርሌ ያምርበታል፣ ግን አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አፍንጫ አያስገባም፤ የወይን ብርጭቆ ይሻላል። ከአዘዞ አየር ማረፊያ እንደገባ አይክፈቱት። በመንገድ ተንጧል፤ ጎንደርም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነውና ቡሹ ጣራ ሊመታ ይችላል። አንድ ሁለት ቀን ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አተላው ይስፈር፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀዳ። አንድ ጠርሙስ ለአራት ሰው በቂ ነው። አብሮት የሚሄደው አይብ፣ ጥብስ ወይም አልጫ ነው። ከሚያቃጥል ቀይ ወጥ ጋር ሁለቱም ይጣላሉ፤ አሲዱና ጋዙ በርበሬውን ያባብሱታል።

«ባክቴሪያ ስላለው ለሆድ መድኃኒት ነው»

አልኮል ነው። መድኃኒት ተብሎ የሚጠጣ አይደለም።

«በቆየ ቁጥር ይሻላል»

ጉዝ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካገኘ ከ10 ዓመት በላይ መቆየት ይችላል፤ እየቆየ የሚያሳየው ለውጥም ደስ ይላል። የፍሬው ግን ሌላ ነው፤ ቀለሙና መዓዛው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ መድከም ይጀምራል። ክሪክ ያመጣላችሁ ዘመድ ካለ ለልጅ ሠርግ ብላችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ አትቆልፉበት፤ እሱ እያለ ክፈቱት።