ሲፒአር ምንድን ነው?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ፣ አንድ ሰው ድንገት ዘፍ ቢል ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። ሰው ይከበዋል። አንዱ «አየር አታሳጡት!» ይላል፤ የሚለው ራሱ ግን ፈቀቅ አይልም። ሌላው ውሃ ይረጫል። ሌላዋ ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር ታጨስለታለች። የወደቀው ራሱን ስቶ ብቻ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ይነቃል። ልቡ ቆሞ ከሆነ ግን ከነዚህ አንዱም አይረዳውም። የሚያስፈልገው ሲፒአር ነው።

ሲፒአር ማለት ልቡ የቆመ ሰው ደረቱን ደጋግሞ በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ደሙ እንዲዘዋወር ማድረግ ነው። ልብ ከቆመ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም የለም። አንጎል ደግሞ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። አምቡላንስ በዚህ ፍጥነት አይደርስም። ስለዚህ ሥራው አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

መጀመሪያ ትከሻውን መታ መታ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። መልስ ከሌለ ይተነፍስ እንደሆነ ደረቱን እዩ፤ ከ10 ሰከንድ አይለፍ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ልቡ የቆመ ሰው አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ሊያሰማ፣ አየር ሊስብ ይችላል። «እየተነፈሰ ነው፣ ተዉት» ይባላል። ይህ ትንፋሽ አይደለም፤ ጀምሩ። በተቃራኒው ደረቴን አመመኝ እያለ የሚያወራ ሰው ልቡ አልቆመም። ሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር መዘጋት) ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ሆስፒታል ይሂድ እንጂ ደረቱ አይጫንም።

አንድ ሰው 907 ይደውል። ሌላው በጀርባው መሬት ላይ ያስተኛውና የመዳፉን ሥር ደረቱ መሀል፣ በጡቶቹ መካከል ያሳርፍ፤ ሁለተኛውን እጅ ከላይ ይደርብ። ክንድ ሳይታጠፍ፣ በሰውነት ክብደት፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ወደ ታች። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ደረቱ ወደ ቦታው ይመለስ። የጎድን አጥንት ቀጭ ሊል ይችላል፤ ያስደነግጣል፣ ግን አታቁሙ። ሥራው ስለሚያደክም በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። ያ ሁሉ የከበበ ሰው የሚጠቅመው ይሄኔ ነው። የሠለጠነ ሰው ካለ በየ30ው ጭነት 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ያልሠለጠነ መጫኑ ብቻ ይበቃዋል።

ሰውየውን ባጃጅ ውስጥ አጣጥፎ ወደ ሆስፒታል መውሰድ የሚያፋጥን ይመስላል። ባጃጅ ላይ ግን ደረት መጫን አይቻልም፤ ደቂቃዎቹ እዚያ ያልቃሉ።

ከሐይቅ የወጣ ሰው ነገር ትንሽ ይለያል። እሱ የተጎዳው አየር በማጣት ስለሆነ የሚችል ካለ በትንፋሽ ይጀመራል። ዘቅዝቆ ወይም ሆዱን ተጭኖ ውሃ ለማስወጣት መሞከር ግን ትርፉ ጊዜ ማባከንና ትውከቱን ወደ ሳንባው መላክ ነው።

ኳስ የምትወዱ ክርስቲያን ኤሪክሰንን ታስታውሱታላችሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ሜዳ ላይ ወደቀ። ሲፒአር ተሠራለት፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚመታው መሣሪያም እዚያው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለብሬንትፎርድ ተሰለፈ። ያ መሣሪያ በተገኘበት ሁሉ ቶሎ ይምጣ፤ እስኪመጣ ግን እጅ አይነሳ።

ማቆም የሚቻለው ሰውየው በደንብ መተንፈስ ከጀመረ፣ ባለሙያ ደርሶ ከተረከበ፣ ወይም ጉልበታችሁ ጨርሶ ካለቀ ነው። መተንፈስ ከጀመረ በጎኑ አስተኙትና ባለሙያ እስኪመጣ አጠገቡ ሁኑ።