«ስምን መልአክ ያወጣዋል»፦ አዱኛ የተባለው ሰውስ?

ሰው ከስሙ ጋር ሲገጥም «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። ብርሃኑ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲሆን፣ ትዕግስት ሁሉን ችላ ስታሳልፍ። አብዛኛውን ጊዜ ለምስጋና ነው፤ ለነቀፋም ይሆናል። ወላጅ አፉ ላይ የመጣለትን ስም ቢያወጣም ከላይ የታዘዘ ነው እንደማለት። ግእዙም «ስም ይመርሖ ኀበ ግብሩ» ይላል፤ ስም ወደ ሥራው ይመራዋል ነው ነገሩ።

ምንጩ መጽሐፍ ቅዱስ ይመስለኛል። እዚያ መልአክ በእርግጥም ስም ያወጣል። አጋር ልጇን እስማኤል እንድትለው የነገራት መልአክ ነው። ትርጉሙ «እግዚአብሔር ይሰማል» ነው፤ የእኛው «ሰማ» እዚያው ውስጥ አለ። ማርያምም የልጇን ስም ከገብርኤል የሰማችው ናዝሬት ሆና ነው። ረዳቶች ዛሬም «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያሉ የሚጣሩባት የእኛዋ አዳማ የቀድሞ ስሟን ያገኘችው ከዚያች ከተማ ነው።

አዳማ ላይ ግን ስሙ በየትኛው ቋንቋ እንደወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። አዱኛ የሚባል ነጋዴ ሲያልፍለት አማርኛ ተናጋሪው ጎረቤት ይህንኑ አባባል ይጠቅሳል። ልክ ነው፣ በአማርኛ አዱኛ ሀብት ነው፣ ምቾት ነው። በኦሮምኛ ግን አዱኛ ዓለም ነው። ኳስ የሚከታተል ሰው ያውቀዋል፤ የዓለም ዋንጫ በኦሮምኛ «ዋንጫ አዱኛ» ነው። እናቱ አዱኛ ስትለው ገንዘብ ትዝም ላይላት ይችላል። «ዓለሜ» ማለቷ ነው። እኛስ ዓለሙ፣ ዓለሚቱ ብለን ልጅ እንሰይም የለ?

ቃሉ የመጣው ከአረብኛው «ዱንያ» ነው። ሥሩ መቅረብን፣ ዝቅ ማለትን ይይዛል። ወዲያኛው ሕይወት አኺራ ነው፤ ዱንያ ደግሞ አጠገባችን ያለው ይህ ዓለም። በስዋሂሊና በሂንዲ ዱኒያ፣ በቱርክኛ ዱንያ፣ በሶማልኛ አዱንዮ ይሉታል፤ በሁሉም ዓለም ማለት ነው። አማርኛ «ዓለም» የሚል ቃል ከግእዝ ስለነበረው፣ ለአዱኛ የዓለምን ጥሪት የሰጠው ይመስለኛል። ዓለም ራሱም ቢሆን በእኛ አፍ ወደ ተድላ ያደላል፦ «ዓለሙን አየ» ስንል ተደሰተ፣ ደላው ማለታችን ነው።