የትሮትል ሴንሰር ምልክት እንዴት ይረጋገጣል?

የትሮትል ሴንሰር ወደ ሞተር የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክዳን ምን ያህል እንደተከፈተ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚያሳውቅ መሣሪያ ነው። የተለመደው ዓይነት 5 ቮልት ይቀርብለትና ክዳኑ ሲዘጋ 0.5፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 4.5 ቮልት ገደማ ይመልሳል። ከታችና ከላይ ክፍተት የተተወው ሆን ተብሎ ነው፤ 0 ወይም 5 ቮልት ከመጣ ሽቦ መበጠሱን ወይም መነካካቱን ኮምፒውተሩ ወዲያው ይለያል።

ነዳጅና አየር በካርቡራቶር፣ ማለትም ያለ ኮምፒውተር በሚሠራ ማደባለቂያ፣ በሚቀላቀሉበት ዘመን ይህ ሥራ በአብዛኛው አልነበረም። የነዳጅ መርገጫው ክዳኑን በገመድ በሚስብባቸው መኪኖችም የሴንሰሩ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ከማንገጫገጭ አያልፍም ነበር። ገመዱ ቀርቶ ክዳኑን በኤሌክትሪክ ሞተር ማንቀሳቀስ ሲመጣ ግን አንድ የተሳሳተ ቮልቴጅ መኪናውን ሊያስፈተልከው ስለሚችል፣ ሴንሰሩ ሁለት ሆነ። በብዙዎቹ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል፤ አንዱ 1.5 ካለ ሌላው 3.5 ማለት አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒውተሩ ፒ2135 የተባለውን ኮድ መዝግቦ የክዳኑን ሞተር ኃይል ያቋርጣል፤ ሞላውም ክዳኑን በጠባብ ክፍተት ስለሚይዘው መኪናው እያዘገመ ጋራዥ ይደርሳል።

በዚህ ረገድ በሰፊው የተመረመረው የቶዮታ መኪኖች ከአሽከርካሪው ፈቃድ ውጭ ፍጥነት ጨመሩ የተባለበት ጉዳይ ነው። ናሳ ለአሜሪካ የትራፊክ ደህንነት ባለሥልጣን ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ለአደገኛው የፍጥነት መጨመር የኤሌክትሮኒክስ መንስኤ አላገኘም። ይሁን እንጂ መርገጫው ምን ያህል እንደተጫነ በሚያሳውቅ አንድ የተበላሸ የመርገጫ ሴንሰር ውስጥ ከቆርቆሮ የበቀለ ፀጉር መሰል ቀጭን ክር ሁለቱን የምልክት መስመሮች አገናኝቶ ተገኝቷል። ሁለቱ ምልክቶች በተለያየ ቮልቴጅ እንዲሠሩ የሚደረገውም እንዲህ ያለው ንክኪ ሳይታወቅ እንዳያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን የኦክላሆማ ጁሪ በሶፍትዌር ጉድለት ላይ ባተኮረ ክስ በኩባንያው ላይ ፈርዷል፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም ማለት ይቻላል።

ጥሩ መካኒክ ኮድ ስላየ ብቻ ሴንሰር አይቀይርም። ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ይከፍታል፤ መጀመሪያ 5 ቮልቱንና ኔጌቲቩን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ረዳቱ መርገጫውን ቀስ ብሎ ሲጫን የመልቲሜትሩን (የቮልቴጅ መለኪያውን) ንባብ ይከታተላል። ቮልቴጁ ሳይዘል መውጣት አለበት። በፖቴንሺዮሜትር ሴንሰር፣ ማለትም በካርበን መስመር ላይ በሚንሸራተት መገናኛ በሚሠራው ዓይነት፣ የካርበን መስመሩ ቶሎ የሚያልቀው መርገጫው በብዛት በሚውልበት ዝቅተኛ ክልል ስለሆነ፣ ንባቡ ድንገት የሚወርደው ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ንባቡ ደህና ከሆነ ሶኬቱንና ሽቦውን እያወዛወዘ ደግሞ ያያል።