ሮጉን ከማዳከም በፊት፦ ስለ መደበቅ የቤት ሕጎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን በዳይስ የሚካሄድ የገጸ ባሕርይ ጨዋታ የሚጫወት ቡድን ውስጥ ሮግ፣ ማለትም በመደበቅ የተካነ ገጸ ባሕርይ ካለ፣ ውሎ አድሮ አንድ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። ዲኤሙ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ሰው፣ “ይሄ ሮግ በዛ!” ይላል። ከዚያ የቤት ሕግ ይወጣል፤ መጽሐፉ ላይ የሌለ፣ ቡድኑ ለራሱ የጨመረው ሕግ ማለት ነው። እኔ የቤት ሕግ እወዳለሁ። የሚያሳዝነኝ ሳይሰላ የሚወጣው ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የ2014ቱ አምስተኛ እትም ናቸው። የ2024ቱ ሲለይ እናገራለሁ።

“ስኒክ አታክ ከልክ ያለፈ ጉልበት አለው”

ስኒክ አታክ ሮጉ ሲመታ ለጉዳቱ ተጨማሪ ዳይስ የሚያስወረውርለት ችሎታ ነው። ብዙ ዳይስ አንድ ላይ ሲወረወር ዓይን ይሞላል። ግን እንቁጠረው። ደረጃ 5 የደረሰና ዴክስተሪቲው (ቅልጥፍናው) 18 የሆነ ሮግ በአጭር ሰይፍ መታ እንበል። ከሰይፉ በአማካይ 3.5፣ ከዴክስተሪቲው ጭማሪ 4፣ ከሦስቱ የስኒክ አታክ ዳይሶች 10.5 ያገኛል። ድምሩ 18 ነው። እኩያው ፋይተር (ተዋጊው) ጥንካሬው 18 ሆኖ በትልቅ ሰይፍ ሁለቴ ይመታል። እያንዳንዱ ምት በአማካይ 11 ስለሆነ ሁለቱ 22 ይሆናሉ። ፋይተሩ አንዱን ቢስት ሌላው ይቀርለታል። ሮጉ ሁለተኛ መሣሪያ ካልያዘ ግን፣ ከሳተ ተራው ባዶ ሆነ።

“ስኒክ አታክ የሚሠራው ከተደበቁበት ሲመቱ ብቻ ነው”

ስሙ ነው ያሳሳተን። ሮጉ አድቫንቴጅ ካለው፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ወርውሮ ከፍተኛውን የሚወስድ ከሆነ፣ ይበቃል። ያ ባይኖር እንኳ ከዒላማው 5 ጫማ ርቀት ውስጥ አንድ ጓደኛው ቆሞ እየተዋጋ ከሆነና ሮጉ ላይ ዲስአድቫንቴጅ (ዝቅተኛውን ዳይስ መውሰድ) ከሌለ ይሠራል። “መደበቅ ግዴታ ነው” የሚል የቤት ሕግ የሮጉን ዋና የውጊያ አቅም ቆርጦ ይጥላል። ብዙ ዲኤሞች ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም፤ ሕጉ እንደዚያ ይመስላቸዋል።

“ዳይሱ 20 ካመጣ የትም ይደበቃል”

አይደበቅም። የተፈጥሮ 20፣ ማለትም ባለ 20 ገጹ ዳይስ ላይ የወጣው 20፣ በራሱ የሚያሸንፈው በማጥቃት ውርወራ ላይ እንጂ በክህሎት ውርወራ ላይ አይደለም። ባዶ አዳራሽ መሃል ቆሞ መደበቅ ደግሞ ከነጭራሹ ዳይስ አያስወረውርም። የ2024ቱ ሕግ ይህን ግልጽ አድርጎታል፦ ጥሩ መከለያ ወይም ድቅድቅ ጨለማ ያስፈልጋል፣ ከጠላት ዓይን ውጭ መሆን ያስፈልጋል፣ ውርወራው ደግሞ ቢያንስ 15 መድረስ አለበት።

“ብረት የለበሰ ካለ ቡድኑ ተደብቆ አያልፍም”

ይሄ የሚሆነው ሁሉም እንዲሳካላቸው ስንጠይቅ ነው። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 50 በመቶ ዕድል ቢኖራቸው፣ አራቱም የሚሳካላቸው 6 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። መጽሐፉ ግን የቡድን ውርወራ የሚባል ነገር አለው፤ ግማሹ ከተሳካለት ቡድኑ ያልፋል። ያኔ ዕድሉ ወደ 69 በመቶ ይወጣል። ሮጉ ኮቴው የሚጮኸውን ወዳጁን እየመራ አሳለፈው ማለት ነው።

በተቃራኒው ቡድኑ በሙሉ እንደ ጥላ ካለፈባችሁ፣ ሮጉን ትታችሁ ፓስ ዊዝአውት ትሬስ የሚባለውን አስማት ተመልከቱ። እስከ አንድ ሰዓት ድረስ በአስማተኛው ዙሪያ ላሉት ሁሉ የመደበቅ ውርወራቸው ላይ 10 ይጨምራል። የቤት ሕግ የሚገባው ቦታ ካለ እዚህ ነው። እኔ ወደ 5 አወርደዋለሁ፤ ግን ዘመቻው ሳይጀመር ለተጫዋቹ ነግሬው ነው።

“በየእርምጃው ማስወርወር ፍትሐዊ ነው”

ይሄኛውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ረጅም ኮሪደር፣ መጨረሻው ላይ ፋኖስ የያዘ ጠባቂ ነበር። ሮጉን በሩ ላይ አስወረወርኩት። ምሰሶው ጋ ደገምኩ። ጠባቂው ሲዞር ሦስተኛ። አራተኛው ላይ ዳይሱ 3 አመጣ። ተጫዋቹ ዳይሱን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና “ታዲያ ሮግ የሆንኩት ለምንድን ነው?” አለኝ።

ቤት ገብቼ አሰላሁት። የደረጃ 1 ሮግ ነው። ከዴክስተሪቲው 3፣ ከኤክስፐርቲዙ (በመረጠው ክህሎት ላይ ካለው ልዩ ብቃት) 4፣ በድምሩ 7 ይጨምራል። ተራ ጠባቂ ፓሲቭ ፐርሴፕሽኑ፣ ማለትም ሳይወረውር የሚያስተውልበት ቁጥር፣ 12 ነው። ስለዚህ ሮጉ 5 እና ከዚያ በላይ ካመጣ ያልፋል፤ 80 በመቶ። አራት ጊዜ ሲወረውር ግን አራቱም የሚሳኩለት 41 በመቶ ብቻ ነው። ክህሎቱን ሳልነካ ገድዬዋለሁ። መጽሐፉ የሚለው ሌላ ነው፦ አንዴ የመጣው ቁጥር ሮጉ እስኪታይ ወይም መደበቁን እስኪተው ድረስ ይቆያል። እኔ አሁን እንደገና የማስወረውረው ሁኔታው በግልጽ ሲቀየር ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ማንቂያ ደወል ሲደወል።

“ጨዋታው ቀለለ፤ ስለዚህ የጠባቂዎቹን የንቃት ቁጥር ከፍ እናድርግ”

ተጫዋቹ ደረጃ በወጣ ቁጥር ጠባቂው ሁሉ አብሮ ንቁ ከሆነ፣ ኤክስፐርቲዝ መምረጡ ምን ጠቀመው? ማክበጃውም ማቅለያውም ሕጉ ውስጥ አለ፤ ዋናው ብርሃን ነው። ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ዓይን ይደክማል፤ የጠባቂው ፓሲቭ ከ12 ወደ 7 ይወርዳል። ያ ሮግ 1 ቢያመጣ እንኳ ያልፋል። ፋኖስ ሲበራ 12 ይመለሳል። አጠገቡ ትልቅ ውሻ ብታስሩ፣ የውሻው ፓሲቭ 13 ሆኖ በማሽተት 5 ይጨመርለታል፤ 18 ሆነ። አሁን የሮጉ ዕድል 50 በመቶ ነው። አንድም ሕግ አልተቀየረም።

ያንኑ ኮሪደር ከወራት በኋላ ከዚያው ተጫዋች ጋር ደገምኩት። ፋኖሱ ነበር፣ ውሻው ተጨምሯል፣ ውርወራው አንድ ብቻ። ዳይሱን ከማንሳቱ በፊት ትንሽ አሰበና ጠየቀኝ፦ “ነፋሱ የሚነፍሰው በየት በኩል ነው?”